የጋሽ እንፋሎት እጥበት

ውሎው እንፋሎት ውስጥ የሆነ ሰው ዓለምን በመጋረጃ ውስጥ ማየት ይለምዳል። በአንድ የቆየ ላውንድሪ ቤት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ልብስ ሲተኩሱ ያረጁት ሰውም እንዲያ ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከታላቅ እህታቸው በቀር የሚያስታውስ የለም፤ ደንበኛውም ሰፈሩም "ጋሽ እንፋሎት" ይላቸዋል። እሳቸውም በዚህ ስም ሲጠሩ ፈገግ ይላሉ። የሚሠሩበት ክፍል ረጅምና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። በተወጠሩት ገመዶች ላይ ነጫጭ አንሶላዎች ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ፤ ከማሽኖቹ የሚወጣው ጉም የመስኮቱን መስታወት አልብሶታል፤ ከጉሙ መሃል የካውያው ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ለአፍታ ደመና ውስጥ የገባ ይመስለዋል።

ካፊያ በበዛበት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ወጣት ነጫጭ ጋዋኖች በክንዷ ይዛ ዝናቡን ሸሽታ ገባች። ልብሶቹን ልትሰጥ ያሰበችው ሌላ ቤት ነበር፤ ወደዚህኛው በር የገፋት ካፊያው ነው።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ? አላወቁኝም መሰለኝ።"

"ድምፅሽን የማውቀው ይመስለኛል፤ ፊትሽን ግን ይሄ ጉም ሰወረብኝ። እስቲ ጠጋ በይ ልጄ።"

ጠጋ አለች። ሽማግሌው ካውያውን አቁመው አተኩረው አዩዋት።

"ሚጢጢ! ያቺ ዩኒፎርሟን ጭቃ አስጠጥታ የምትመጣው ሚጢጢ! እናትሽ 'ነገ ፈተና አለባት፣ ቶሎ በልልኝ' እያሉ ስንት ጊዜ አስቸኩለውኛል!"

"እርስዎ በተኮሱት ዩኒፎርም ተምሬ ይኸው ሐኪም ሆንኩ፤ እዚሁ ሰፈር ያለው ሆስፒታል ተመደብኩ። የምሠራው የኩላሊት ሕሙማን ክፍል ነው።"

ጋሽ እንፋሎት የራሳቸው ልጅ የተመረቀች ያህል ፊታቸው በራ። የወጣቷ ፈገግታ ግን ቀስ በቀስ ደበዘዘ። የሽማግሌው ዓይን ሥር አብጧል። የጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቶ ምላሱ ወደ ፊት ወድቋል።

"ጋሼ፣ ጫማዎን ምነው ሳያስሩት?"

"ጠበበኝ። እርጅና ሰውን ያኮማትራል ሲሉ ነበር የምሰማው፤ እግር እንደሚያወፍር ያወቅሁት ሰሞኑን ነው።"

"ሰሞኑን አሞዎት ነበር እንዴ?"

"ኧረ ምንም! ሆዴን ትንሽ አስቀመጠኝ፣ እሱም ለቀቀኝ። ወገቤ ነው እንጂ የማይለቀው። ለእሱም ቢሆን መድኃኒቱ እነሆ።" ከሸሚዛቸው ኪስ የክኒን ማሸጊያ አወጡ፤ ግማሹ ባዶ ነው።

"ይህን ማን አዘዘልዎ?"

"ወገቤ።"

ወጣቷ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። "በዚያ ሁሉ ተቅማጥ ውስጥ እዚህ ሙቀት ላይ ቆመው፣ ይህን ክኒን በላይ በላዩ ሲወስዱ ውሃ ይጠጡ ነበር?"

"ውሃ ለሰነፍ ነው፤ አትቀየሚኝ እንጂ ሚጢጢ። ውሃ የሚጠጣ ተኳሽ ከካውያው ይልቅ ከሽንት ቤቱ ጋር ነው የሚውለው። እኔ ጠዋት ሻይዬን ከጠጣሁ ማታ ቤቴ እስክገባ ይበቃኛል። ሰሞኑንማ ሽንት የሚባል ነገርም ረስቶኛል፤ ሰውነቴ ሥራዬን አክብሮልኝ ነው።"

ጋሽ እንፋሎት ይህን ያሉት በኩራት ነበር። ብዙዎቻችን የሰውነታችንን ዝምታ እንደ ጤና እንቆጥራለን፤ የሚጮኽብንን አካል እናክማለን፣ ዝም ያለውን ግን እንዘነጋለን። ወጣቷ ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም። በርጩማ ሳበችና ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ያስፈራኝ እሱ ነው። ኩላሊቶች ከጎድን አጥንታችን ሥር በስተ ጀርባ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ጭብጥ የሚያህሉ ሁለት አካላት ናቸው። ደማችን ቀኑን ሙሉ በእነሱ በኩል ይመላለሳል። ቆሻሻውን ለይተው በሽንት ያስወጡታል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀረውን ውሃና ጨው ይመጥናሉ። እርስዎ ግን በተቅማጡም በላቡም ውሃ ሲያልቅብዎ አልተኩም። ሰውነት ሲደርቅ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ያንሳል። ይህ ዓይነቱ ክኒን ደግሞ ያችኑ የቀረችውን የደም መንገድ ያጠባታል። ያን ጊዜ ኩላሊቶቹ በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሥራቸውን ያቆማሉ። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የምንለው ይሄ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው ኩላሊቱን ያመመው ሰው ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ሲንከባለል ነው። እኔ ጎኔን አላመመኝም።"

"እንዲያ የሚያንከባልለው ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ምልክቱ የሽንት መቀነስ ነው፤ የእግርና የፊት እብጠት ነው፤ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ነው። እየባሰ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሐሳብ ይደበላለቃል። እባክዎ ክኒኑን ያቁሙ፤ ነገ ጠዋት ይምጡልኝና ደምዎን ልመርምር። አንዲት ብልቃጥ ደም ናት።"

"እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ" አሉ ጋሽ እንፋሎት፣ ካውያቸውን እያነሱ። ሰው ላለማስቀየም የሚባል "እሺ" ነበር። ወጣቷም ገብቷታል፤ ሽማግሌን እጅ ይዞ መጎተት ግን አልሆነላትም። ጋዋኖቿን ትታ፣ ደጋግማ ወደ ኋላ እያየች ሄደች።

*

አልሄዱም። ክኒኑንም አልተዉም፤ ወገብ ሲቆረጥም የሐኪም ምክር ይረሳል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለጋሽ እንፋሎት እንደ ሕልም አለፉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ምላሳቸው ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል። ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል። ቀን ቆመው ያንቀላፋሉ። ጉሙም ከመቼውም የበለጠ የወፈረ መሰላቸው፤ አንሶላዎቹ ከገመዱ ተላቀው በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ ነጫጭ ወፎች ሆኑባቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ካውያው በእጃቸው እንዳለ፣ ከአንሶላዎቹ መካከል እናታቸው ብቅ አሉ። ወጣት ናቸው፤ እጃቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

"ደከመህ?" አሏቸው።

"ትንሽ።"

"እንግዲያው አረፍ በል።"

ጋሽ እንፋሎት እናታቸው የተናገሩትን አደረጉ፤ አረፍ አሉ። የእጃቸው ካውያም አብሯቸው አረፈ።

"ጋሽ እንፋሎት! ኧረ ጋሽ እንፋሎት፣ እየነደደ ነው!"

የጮኸችው ልብስ አጣፊዋ ነበረች። ጉሙ ተገለጠ፣ እናታቸው ጠፉ፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ካውያውን ሲያነሱት ቅርጹ ቡናማ ሆኖ በነጭ ጋዋን ደረት ላይ ቀርቷል። የሚጢጢ ጋዋን ነው። ጋሽ እንፋሎት ክው አሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሐርም ሱፍም አልፏል፤ አንድም ቀን የሰው ልብስ አቃጥለው አያውቁም።

"ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ" አሉ።

"ኧረ ይቀመጡ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም!"

"የሰው ልብስ አቃጥዬ እቀመጣለሁ እንዴ?"

ጋዋኑን በወረቀት ጠቅልለው ወጡ። መንገዱ ከእግራቸው ሥር እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል። ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ ሬዲዮ ነው። ጥቂት እየሄዱ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ግድግዳ ይደገፋሉ። ወደ ሆስፒታል እየሄዱ መሆኑን ያውቃሉ፤ ታማሚ ሆነው እንደሚሄዱ ግን በሐሳባቸውም አልመጣም። ክብራቸውን ሊያስመልሱ ነው የሚሄዱት።

ወጣቷ ሐኪም በኮሪደሩ ስታያቸው ደስ ብሏት ተጣደፈች፤ ቀረብ ስትል ግን እርምጃዋ ሩጫ ሆነ።

"ሚጢጢ… ዶክተር… ልብስሽ ነው ያንቀላፋው" አሉ። "እኔ አላቃጠልኩትም። እናቴ አረፍ በል አለችኝና…"

ቃላቸው ተጠላለፈ። ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ። እሷ ልብሱን አላየችውም፤ የእጃቸውን የደም ሥር ይዛ "አልጋ አምጡ!" ብላ ተጣራች።

*

ታላቅ እህታቸው "እትዬ" ይባላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸውም በዚሁ ነው። ጋሽ እንፋሎትን አዝለው ያሳደጉ፣ ዛሬም አንድ ቤት አብረው የሚኖሩ፣ ሲናገሩ ሌላው ዝም የሚልላቸው ሴት ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃና አንድ እጅ ሙዝ ይዘው እየገሰገሱ መጡ። ወንድማቸውን በደረታቸው ላይ የልብ ምት መከታተያ ሽቦ ተለጥፎባቸው፣ አፍንጫቸው ላይ የአየር ቱቦ ተደርጎላቸው አገኟቸው።

"አይዞህ ወንድሜ። ኩላሊት ውሃ ይወዳል ብለው ነግረውኛል፤ ይኸው ውሃ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ውሃው ይቆይ" አለች ሐኪሟ በትሕትና። "ሙዙንም አይስጧቸው።"

"ኩላሊት ውሃ ይፈልጋል የምትሉትም እናንተ፣ አይጠጣ የምትሉትም እናንተ? ወይ ጉድ!"

"እውነትዎን ነው፣ ግራ ያጋባል። ውሃው ጉዳቱን ይከላከል የነበረው ቀድሞ ነው። አሁን ኩላሊታቸው ሽንት መሥራት አቁሟል። የሚገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው እግራቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሳንባቸው ደርሷል። ትንፋሽ ያጠራቸው ለዚህ ነው። ሙዝ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው። ኩላሊት ካላስወጣው ግን ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ልብ ምቷን ያስታል፣ ሊያቆማትም ይችላል። በጋሼ ደም ውስጥ ያለው መጠን አሁን በጣም ከፍ ብሏል። በደም ሥር የሰጠናቸው መድኃኒት ልባቸውን ለጊዜው ይጠብቅልናል፤ ብዙ አያቆየንም።"

"ቅዠቱስ? ከእናታችን ጋር ሲያወራ ነበር እኮ።"

"ቆሻሻው በደም ተጭኖ አንጎል ሲደርስ እንዲያ ያደርጋል። ደማቸው ሲጸዳ ሐሳባቸው ይጠራል። ለዚያ ግን የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል። በማሽን።"

እትዬ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ማሽን አልሽ? ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ግን ዓይን አለኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ማሽን ላይ ወጣ። አልወረደም። ማሽን ላይ የወጣ ሰው ሲወርድ አላየሁም። ወንድሜን በሽቦ አስረሽ ከምትሰጪኝ እቤቱ ወስጄ ላስተኛው።"

ይህን ንግግር አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ይቀላል። እትዬ ግን ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያየ ሰው ደግሞ በሌላ ወሬ አይታለልም። ሐኪሟም ያዩትን አላስተባበለችም።

"ልብስ ሰፊው ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ታመው ነበር እትዬ?"

"ኧረ ስኳሩም ግፊቱም አብረውት ነው ያረጁት።"

"አዩ፣ የእሳቸው ኩላሊት ቀስ እያለ በዓመታት ነው ያለቀው። እንዲያ ያለቀ ኩላሊት ተመልሶ አይመጣም። ማሽኑ አልገደላቸውም፤ እስከዚያ ድረስ ያኖራቸው እሱ ነው። የጋሼ የሰሞኑ ነው። በአልትራሳውንድ አይተነዋል፤ ኩላሊታቸው አልተኮማተረም፣ መጠኑ ደህና ነው። የተጎዳ ነው እንጂ ያለቀ አይመስልም። ማሽኑ የእሱን ሥራ ተቀብሎ ሲያቆይለት ራሱን የመጠገን ዕድል ያገኛል።"

"እንግዲያው ማይልኛ! ተነስቶ እንደ ቀድሞው እንደሚሆን ማይልኝ።"

ሐኪሟ ወደ እትዬ ቀረብ አለች። ጋሽ እንፋሎት ይህን ሁሉ የሚሰሙት ከጉም ወዲያ ማዶ ሆነው ነው።

"መማል አልችልም" አለች። "ብዙዎቹ ያገግማሉ። ጨርሶ የማያገግሙም አሉ፤ የሚሞቱም አሉ። እጥበቱን ከከለከልናቸው ግን፣ ኩላሊቱ እስኪነሳ የሚጠብቀው ሰው አይኖርም። እሱን ልምልልዎ እችላለሁ።"

እትዬ ወጣቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ብትምይልኝ ኖሮ ወንድሜን ይዤ እወጣ ነበር" አሉ። "ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ያስፈራኛል።"

ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ ደካማ ድምፅ መጣ። "እጥበት ነው ያላችሁት?"

"አዎ ጋሼ። ደምዎ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ በማሽኑ ይጣራል፤ ተመልሶ ይገባልዎታል።"

"ስንት ዘመን ሙሉ ታጥቦ የመጣልኝን ስተኩስ ኖሬ… የራሴ ተራ ሲደርስ እምቢ ልበል? እጠቡኝ። ካውያው ግን ይቅርብኝ።"

የእትዬ እንባ ሳቃቸውን ቀደመው። "ይሄ ልጅ ሞትም ፊት ቢቆም ቀልዱን አይተውም" አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

*

በአንገታቸው የደም ሥር ቱቦ ገባላቸው። ማሽኑ ከአልጋቸው አጠገብ ቆሞ ያንሾካሹካል፤ ድምፁ ከሥራ ቤታቸው ድምፅ ብዙም አይርቅም። ጋሽ እንፋሎት ደማቸው ቀይ ክር ሆኖ ሲወጣና ሲመለስ እያዩ አንቀላፉ። በእንቅልፋቸው በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ነጫጭ ልብሶች ተሰጥተው ነፋስ ይነካካቸዋል፤ ማንም የሚያጣድፋቸው የለም። ሲነቁ ትንፋሻቸው ረዘም ብሏል። መስኮቱን አዩ። መስታወቱ ላይ ጉም የለም፤ ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠል በቅጠሉ ይታያል። እናታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን እንደሆነም ትዝ አላቸው፤ ትንሽ አለቀሱ።

አንድ ጊዜ ታጥበው አልበቃም፤ ተደጋገመ። በየመሃሉ የሚጠጡት ውሃ ተመጠነ፣ የሚበሉት ተመረጠ። የወገብ ክኒኑ ተጣለ፤ በምትኩ ለኩላሊታቸው የማያሰጋ ማስታገሻ በልክ ታዘዘላቸው፣ የወገብ እንቅስቃሴም ተማሩ። እትዬ በየጠዋቱ እየመጡ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "ሽንት አለ?" የለም ሲባሉ የወንድማቸውን ብርድ ልብስ አስተካክለው ይቀመጣሉ።

በአንዱ ማለዳ ግን ገና ከበሩ ሳይደርሱ ጋሽ እንፋሎት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቋቸው። ፊታቸው የበኩር ልጁ የተወለደለት አባት ፊት ይመስላል።

"እትዬ! መጣ!"

"ማን መጣ?"

"ሽንቴ ነዋ!"

እትዬ ቦርሳቸውን ጥለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። "ወንድሜ ሸና! ሰዎች፣ ወንድሜ ሸና!" ነርሶቹ ሳቁ፤ አስታማሚዎቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ኋላ አብረው ሳቁ። ሽንት እንዲህ በአደባባይ ሲመሰገን ያ ሆስፒታል ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ሽንቱ እየጨመረ፣ እብጠቱ እየጎደለ፣ የደም ምርመራው እየተሻሻለ ሄደ። ከጊዜ በኋላም ማሽኑ አላስፈለገም፤ ቱቦው ከአንገታቸው ወጣ።

ሐኪሟ የመውጫቸው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነጋገረቻቸው። "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ኩላሊት ዳግም ለመጎዳት ቅርብ ነው። እየተመላለሱ ይታዩ። ሳይጠይቁኝ ማስታገሻ እንዳይወስዱ። ሆድዎ ከተበጠበጠ ወይም ካስታወከዎ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ቶሎ ይጠጡ፤ ሥራም ያቁሙ። ሽንትዎ ከቀነሰ ቀን አይቁጠሩ፤ ያን ቀን ይምጡ።"

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ ጋሽ እንፋሎት። "ውሃ ባለመጠጣቴ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ለካስ ያ ሁሉ ጉብዝና በእነዚህ ሁለት ምስኪኖች ጫንቃ ላይ ነበር። እነሱ ደግሞ አፍ የላቸውም። ያን ቀን ሰምቼሽ ብሆን ኖሮ በአንዲት ብልቃጥ ደም እገላገል ነበር።"

"አሁን ሰምተውኛል" አለች።

*

ጋሽ እንፋሎት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ የደረሰባቸውንም ለአሠሪያቸው ነገሩ። የላውንድሪ ቤቱ መስኮት በሰፊው ተከፈተ፤ ተኳሾችም አጣፊዎችም በየመሃሉ ወጣ ብለው አየር የሚያገኙበት፣ ውሃ የሚጠጡበት ጊዜ ተሰጣቸው። ወደ ሽንት ቤት የሚሄደውን ሰው ሰነፍ ብሎ የሚሰድብ ጠፋ። ራስ ምታት የሚነሳባት አጣፊም ክኒን ከጓደኛዋ መበደር ትታ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ የዓይን መነጽር ታዘዘላት። ሥራውም አልጎደለም፤ እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ተዝለፍልፎ የሚቀመጥ ሰው ስለቀነሰ ልብስ በቀጠሮው ይደርስ ጀመር።

ጋሽ እንፋሎት ለክትትል በሚሄዱበት ቀን እትዬ አብረዋቸው ይሄዳሉ። በአንዱ እንዲህ ያለ ቀን፣ ወንድማቸው ደም ሊሰጡ ሲገቡ፣ እትዬ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት አጎንብሳ ስታለቅስ አዩ። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲሠራ ሰንብቶ፣ ተቅማጥ ይዞት፣ ወድቆ መጥቷል። የእጥበት ፈቃድ ጠይቀዋት እምቢ ብላ ነው የወጣችው።

"ማሽን ላይ የወጣ ሰው አይወርድም አሉኝ፤ እማማ" አለቻቸው። "በገዛ እጄ ፈርሜ እንዴት ላስገድለው?"

እትዬ አጠገቧ ተቀመጡ። ከአንደበታቸው ሊወጣ የደረሰው "ይድናል፣ ምንም አይሆንም" የሚል ነበር። መልሰው ዋጡት።

"እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፤ እዚሁ በር ላይ" አሉ። "ስሚኝ ልጄ። ባልሽ ይነሳል ብዬ አልምልልሽም፤ የሚያውቁትም አልማሉልኝም። ያ ማሽን ግን የሚገድል ነገር አይደለም። ደክሞ የተኛ ኩላሊት እስኪነሳ ድረስ ሥራውን የሚሠራለት ነው። አንዳንዱ ኩላሊት ይነሳል፣ አንዳንዱ እንደተኛ ይቀራል። አንቺ እዚህ ስታለቅሺ ግን ጊዜው ይሄዳል፤ ልብ ደግሞ አይጠብቅም።"

ሴትየዋ ቀና አለች። በዚያው ቅጽበት ጋሽ እንፋሎት ጥጥ በክንዳቸው ላይ ይዘው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ቀጥ ብለው ከክፍሉ ወጡ።

"እሳቸው ማን ናቸው?"

"ወንድሜ ነው። ወጥቶ የወረደው።"

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ከወንበሩ ተነሳች። እትዬም ተነሱና ክንዷን በክንዳቸው ውስጥ አስገቡ።

"ነይ" አሏት። "አብሬሽ እገባለሁ።"